የበግ ጠጉር፣ ጀሶ እና ፊደል፦ የመዋዕለ ሕፃናት የመጻፊያ መርጃዎች ሥራ ማስታወሻ

ደብረ ብርሃን፤ 32 ልጆች ያሉበት ክፍል፤ ዕድሜያቸው ከ4 ዓመት ተኩል እስከ 5 ዓመት ተኩል። በክፍሉ ያለው ዕቃ ጥቁር ሰሌዳ፣ ጠመኔ፣ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ የፊደል ገበታ፣ የየልጁ ደብተርና እርሳስ ነው። ልጅ በእጁ የሚዳስሰው ፊደል የለም። እሱን ለመሥራት ከኪሴ 1,500 ብር መድቤአለሁ። ከዚያ ካለፈ ደመወዜ አይችለውም።

መስከረም መጨረሻ፦ እጃቸው ምን ይችላል?

ምንም ከመሥራቴ በፊት ለእያንዳንዱ ልጅ ባዶ ወረቀት ሰጥቼ አራት ቅርጾች አይተው እንዲሥሉ አደረግሁ፤ ክብ፣ መስቀል፣ አራት ማዕዘን፣ ሦስት ማዕዘን። ክቡን ሁሉም ሣሉት። በመስቀሉ የተቸገሩት ጥቂት ናቸው። የአራት ማዕዘኑ ጥግ በብዙዎቹ ወረቀት ላይ ተድበልብሏል። ሦስት ማዕዘኑን በትክክል ያወጡት ከትልልቆቹ አንዳንዶቹ ብቻ ናቸው፤ የሌሎቹ ድንች መስሏል።

ይህ በልጆች ዕድገት የታወቀ ተራ ነው። ልጅ ክብን አይቶ መሣል የሚችለው በ3 ዓመቱ ገደማ፣ መስቀልን በ4 ገደማ፣ አራት ማዕዘንን ከ4 ተኩል ወዲያ፣ ሦስት ማዕዘንን 5 ከሞላው በኋላ ነው። ሰያፍ መስመር ከሁሉም ይዘገያል።

አሁን ገበታውን እንየው። ሁለተኛው ፊደል ለ ነው፤ ወለል የሌለው ሦስት ማዕዘን። አራተኛው መ ነው፤ ጎን ለጎን የተጣበቁ ሁለት ቀለበቶች። ለእጅ ቀላል የሆነው በ አሥረኛ ላይ፣ መስቀሉ ተ ከእሱ ቀጥሎ ተቀምጠዋል። ተራ ክብ የሆነው ዐ ደግሞ ሃያኛ ላይ ነው። የ5 ዓመት ልጅ በመጀመሪያው ሳምንት ሰያፍ መስመር ይታዘዛል፤ ከዚያ "እጁ ከባድ ነው" ይባላል።

ገበታው የተሠራው ለአፍ ስለሆነ አልፈርድበትም። በቄስ ትምህርት ቤት ልጅ ፊደል የሚቆጥረው በስንደዶ እየጠቆመ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ እየጮኸ ነበር። መጻፍ ብራና ለሚፍቅና መቃ ለሚቀርጽ ለቁም ጸሐፊ የተተወ ሌላ ሙያ ነበር። ስሙን መጻፍ ሳይችል ዳዊት የደገመ ሰው ብዙ ነው። ደብተርና እርሳስ በመጣ ጊዜ የአፉ ቅደም ተከተል እንዳለ ለእጅ ተሰጠ፤ ማንም ቆም ብሎ ያሰበበት አይመስለኝም።

ስለዚህ አፍ በገበታው ይሂድ፣ እጅ በቅርጽ ይሂድ ብያለሁ። የእጁ ተራ እንዲህ ነው፦ ቁም መስመርና አግዳሚ መስመር፤ ዐ እና ተ፤ በ እና ከ፤ ሀ እና ሠ፤ ቀጥሎ ለ፣ ሰ እና አ፤ መ እና ቀ ከዚያ ወዲያ። የተቀሩት ሲደርሱ ይታያሉ።

ርዕሰ መምህሩ ዕቅዱን አይተው "ሀ ሳይሉ ተ?" አሉኝ። በአፍ ሀ ብለው እንደሚጀምሩ አስረዳኋቸው። "ይሞክሩት፤ ገና ላይ እናየዋለን" ብለው ፈቀዱ።

ጥቅምት መጀመሪያ፦ የአሸዋ ትሪ

ቀላሉን አስቀደምሁ። አሸዋ ከግንባታ ቦታ በነፃ ይገኛል፤ ነገር ግን ሲሚንቶ የነካው አሸዋ እርጥበት ሲያገኝ ቆዳ ያቃጥላል፤ ለልጅ አይሆንም። ገና ከሲሚንቶ ጋር ካልተገናኘ ክምር ጥቂት ለምኜ ወሰድሁ፤ በወንፊት ነፋሁት፤ ውኃው እስኪጠራ አጥቤ ፀሐይ ላይ አሰጣሁት። ትሪዎቹ ከወላጆች የመጡ፣ ቀለማቸው የለቀቀ የቤት ትሪዎች ናቸው።

የአሸዋው ንጣፍ ወፍራም ሲሆን ጣት የከፈተው መንገድ ወዲያው ይደረመሳል። ከግማሽ ሳንቲ ሜትር በታች ሲሆን ግን ጥሩ ነው። ከሥሩ ጥቁር ሰማያዊ ወረቀት ለጠፍሁ፤ ጣት ባለፈበት ሁሉ ሰማያዊው ይወጣል፤ ልጆቹም በዚህ ይገረማሉ። ትሪውን ወዝወዝ ሲያደርጉት ሁሉም ይጠፋል። ከመጻፉ ይልቅ ማጥፋቱን ወደውታል፤ ይሁን። ስሕተቱ ወዲያው በሚጠፋበት ቦታ ላይ ልጅ አይፈራም፤ ደብተር ላይ ላጲስ ፈልጎ የሚያለቅሰው ልጅ እዚህ አላለቀሰም።

ችግሩ ማስነጠስና መበተን ነው። አራት ትሪ፣ አራት ልጅ፣ ከክፍል ውጭ። ከዚያ በላይ አይሞከርም።

ጥቅምት አጋማሽ፦ ሊጥ፣ በኋላም ጭቃ

የጣት ጡንቻ ሳይጠነክር እርሳስ አይያዝም። ስለዚህ የሚድበለበል ነገር ፈለግሁ። አንድ ኩባያ የስንዴ ዱቄት፣ ግማሽ ኩባያ ጨው፣ አንድ ኩባያ ውኃ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ ትንሽ የሎሚ ጭማቂ። በዝግታ እሳት ላይ እስኪሰበሰብ ማማሰል፤ ሲበርድ ማሸት። በፕላስቲክ ተጠቅልሎ በደንብ ይቆያል። እንደ መርጃ ምንም አይወጣለትም።

ሞግዚታችን ሲያዩት ግን ፊታቸው ተለወጠ። "መምህርት፣ በእህል መጫወት ነውር አይደለም እንዴ?" አሉኝ። ጨው ስለበዛበት እንደማይበላ ልነግራቸው ስጀምር "ጭራሽ እንዳይበላ አድርገው!" አሉ። መልስ አልነበረኝም። በዚህ የዱቄት ዋጋ ልጁ ቤቱ ሄዶ "ዛሬ በሊጥ ተጫወትን" ቢል እናቱ ምን እንደምትል ማሰብ ነበረብኝ።

ከሸክላ ሠሪዎች ጭቃ ገዛሁ፤ ርካሽ ነው፤ ማንንም አያስቀይምም። ጠጠሩን መልቀም፣ በደንብ ማሸት፣ በእርጥብ ጨርቅና በፕላስቲክ ጠቅልሎ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ልጆቹ በመዳፋቸው እያንከባለሉ ረጅም ገመድ ያወጣሉ፤ ገመዱን ትልቅ አድርጌ በጠመኔ በጻፍሁት ፊደል ላይ እያጠፉ ያስኬዱታል። አየሩ እዚህ ቀዝቃዛ ስለሆነ ጠዋት ጭቃው እጅ ያደነዝዛል። የጭቃ ሰዓት ከቀትር በኋላ ሆነ።

ጥቅምት መጨረሻ፦ የሚዳሰስ ፊደል

ሐሳቡ የማሪያ ሞንቴሶሪ ነው። በ1907 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ሮም ውስጥ ሳን ሎሬንሶ በሚባል የድሆች ሰፈር የሕፃናት ቤት ከፍታ፣ ከብርጭቆ ወረቀት የተቆረጡ ፊደሎችን ልጆች በጣታቸው እንዲከተሉ ታደርግ ነበር። ጣት መንገዱን ካወቀ እርሳስ በኋላ ይከተለዋል።

ሁለት የብርጭቆ ወረቀት ገዛሁ። ሻካራው ጣት ይልጣል፤ ልስልሱ ይሻላል፤ ግን ዋጋው ከፍ ይላል። መቀስም ያዶለዱማል። ቅርጹ በጀርባው ተገልብጦ መሣል አለበት፤ በ እና ተ ላይ ይህ ግድ የለም፤ ለሌሎቹ ግን ራስ ምታት ነው። ሁለቱ ወረቀቶች አልቀው ያገኘሁት ፊደል ጥቂት ነው።

እዚህ አገር ሞልቶ የተረፈ ሻካራ ነገር ምን አለ? የበግ ጠጉር! የመንዝ ባናና ዝተት የሚሠራበት፣ በእንዝርት የተፈተለ ወፍራም ክር ገበያ ላይ አለ። ከገዛሁት ሁሉ የተሳካው ይህ ነው።

አሠራሩ፦ 15 በ20 ሳንቲ ሜትር የተቆረጠ ካርቶን፤ ፊደሉ በእርሳስ ይነደፋል፤ በነደፉ ላይ ብቻ በቀጭን ብሩሽ ቪኒል ኮላ ይቀባል፤ ክሩ ከላይ ተጭኖ ይለጠፋል። ክሩን ኮላ ውስጥ መንከር አይገባም፤ የነከርሁት ሲደርቅ እንደ ፕላስቲክ ለሰለሰና ሻካራነቱ ጠፋ። ማታ የተለጠፈው እስከ ማግስቱ ቀትር አይደርቅም፤ በደብረ ብርሃን ብርድ ኮላም ይሰንፋል። ከላይ መጽሐፍ ማስቀመጥ ጠቃሚ ነው፤ በመሐል ግን የላስቲክ ወረቀት ይግባ፤ አለበለዚያ መጽሐፉም ይለጠፋል።

ከዚያ ሁለት ነገር ጨመርሁ። መጻፍ የሚጀመርበት ቦታ ላይ አሮጌ የሸሚዝ ቁልፍ ሰፋሁ፤ ልጁ ዓይኑን ጨፍኖም መነሻውን ያገኘዋል። ሁለተኛው፣ እጅ በሚነሣበት ቦታ ክሩን መቁረጥ ነው። በ ላይ የግራው እግር አንድ ክር ነው፤ ከላይ ወደ ታች። ጣሪያውና የቀኙ እግር ሌላ አንድ ክር ናቸው፤ ከግራ ወደ ቀኝ ሄዶ ይታጠፋል። ጣቱ ክፍተቱን ሲያገኝ ይነሣል። "ከላይ ጀምር፣ ከታች አትጀምር" እያልሁ ድምፄ የሚሰነጠቅበት ሥራ በቁልፍና በክር ቀለለ።

ኅዳር፦ የብርድ ልብስ ሰሌዳ

ከግዕዙ ወደ ሌሎቹ ስድስት ድምፆች መሻገር ነበረብኝ። 33ቱን ፊደላት በ7 ስታባዛቸው 231 ይሆናሉ፤ ዲቃላዎቹን ሳንቆጥር። ለ231ዱ ሁሉ የክር ካርቶን መሥራት የማይታሰብ ነው። ደግሞም አላስፈላጊ ነው፤ አብዛኛው ፊደል አካሉ ያው ሆኖ የሚጨመርበት ትንሽ ነገር ነው። ልጁ ይህን በእጁ እንዲያገኘው ፊደሉን መበታተን ይሻላል።

መጀመሪያ በ፣ ቡ፣ ቢ፣ ባ እያልሁ ሙሉውን ፊደል ከካርቶን ቆርጬ አውጥቼ ነበር። ጠረጴዛ ላይ ተበተኑ፤ ልጅ ባ ን አነሣ፤ ገለበጠው፤ ቦ ሆነ። ባ በቀኝ እግሩ ረጅም ነው፤ ቦ በግራ እግሩ። ተቆርጦ የወጣ ፊደል ፊትና ጀርባ ስለሌለው ሁለቱ አንድ ዕቃ ናቸው። ሳ እና ሶ፣ ሻ እና ሾም እንዲሁ። እኛ ትልልቆቹ ይህን አናየውም፤ ልጅ ግን ማንኪያ ቢገለበጥ ማንኪያ መሆኑን እንጂ ሌላ ስም እንደሚያወጣ አያውቅም። ደብተራቸው ላይ ባ እና ቦ የሚምታቱባቸው ልጆች ለካ ምክንያት አላቸው።

መፍትሔው ከብርድ ልብስ መጣ። ከአናጢ ቤት የለመንሁት 60 በ80 የሆነ የኮምፔንሳቶ ቁራጭ ላይ የሱፍ ብርድ ልብስ ወጥሬ ከጀርባው በትንንሽ ሚስማር መታሁት። ሱፍ ከሱፍ ጋር ሲገናኝ ይያያዛል፤ ሰው ሠራሽ ክር የበዛበት ብርድ ልብስ ግን አይይዝም። ቁርጥራጮቹን ከማህደር ወረቀት ሠርቼ ጀርባቸው ላይ የብርድ ልብስ ቁራጭ ለጠፍሁ። የተገለበጠ ቁራጭ አይጣበቅም፤ ይወድቃል። መገልበጡ በዚህ ቆመ። ሰሌዳው ቀጥ ብሎ ከቆመ ሁሉም ነገር ስለሚረግፍ ወደ ኋላ ትንሽ ጋደል ማለት አለበት። የወፍራም ካርቶን ቁራጭም ክብደቱ ያወርደዋል።

ለ"በ" ቤተሰብ የሚያስፈልገው ይህ ብቻ ነው፦ ጣሪያ፣ ሁለት ረጅም እግር፣ አንድ አጭር እግር፣ አንድ እጅ፣ አንድ ቀለበት። እጁ በቀኝ እግር ወገብ ላይ ሲሆን ቡ። ያው እጅ ወደ እግሩ ጫፍ ሲወርድ ቢ። እጁ ወጥቶ ቀለበት ሲገባ ቤ። የግራው እግር በአጭሩ ሲተካ ባ፤ የቀኙ ሲተካ ቦ። ልጆቹ ካዕብና ሣልስ አንድ እጅ እንደሚጋሩ ሲያዩ ደነቃቸው፤ "እጁ ወረደ!" እያሉ ይጮኻሉ። ጣሪያውን ብቻ እየቀየሩ ሰ፣ ሸ፣ ከ እና አም በዚሁ ዕቃ ይሄዳሉ።

ሳድስ አስቸጋሪ ነው። ብ በግራ ጎኑ ትንሽ ጭረት ይዞ ይመጣል፤ ት፣ ን፣ ር እና ይ ግን አንድ ሕግ የላቸውም። ለሳድስ ቁራጭ አልሠራሁም፤ ሙሉውን የክር ካርቶን ሠራሁላቸው።

ባለ አንድ እግሮቹ ተ፣ ቀ እና ነ በእጁና በቀለበቱ እስከ ተወሰነ ድረስ ይሄዳሉ፤ ቱ ቲ ቴ፣ ቁ ቂ ቄ፣ ኑ ኒ ኔ። ራብዓቸው ግን እግሩን ማጠፍ ነው፤ ስለዚህ የታጠፈ እግር አንድ ቁራጭ ጨመርሁ። ቶ እና ኖ ላይ ቀለበቱ ወደ ራስ ይወጣል። ረ እና ፈ የራሳቸው ጉዳይ ናቸው፤ ሩ እና ሪ፣ ፉ እና ፊ በዚህ ሰሌዳ አይገለጹም። ማስገደድ አልፈለግሁም፤ ልጁ ያገኘውን ሕግ ከሚያፈርስበት ፊደል ጋር በመጀመሪያው ወር ባይጋፈጥ ይሻላል።

የሰሌዳው ግራ ጠርዝ ላይ ቀይ ጨርቅ ሰፋሁ። "ባ ቀዩን አጭሩ እግር ያየዋል፤ ቦ ቀዩን ረጅሙ እግር ያየዋል።" ግራና ቀኝ የሚሉትን ቃላት ገና ለማይለዩ ልጆች ቀይ ይበቃል።

ኅዳር መጨረሻ፦ የጀሶ ቦይ

ከጣት ወደ እርሳስ ለመሻገር እጅን የሚመራ ቦይ ፈለግሁ። ካርቶን ላይ ካርቶን ደርቦ የላዩን ፊደል ቀድዶ ማውጣት ይቻላል፤ ነገር ግን የካርቶኑ ጥርስ ይጨፈለቃል፤ እርሳሱ ጠርዙን ይበላዋል።

በጀሶ ሞከርሁ። የወተት ፓኮ ተቆርጦ እንደ ሣጥን፤ ወለሉ ላይ በጭቃ ገመድ የተሠራ ፊደል፤ ከላይ ጀሶ። መጠኑ ሁለት እጅ ጀሶ ለአንድ እጅ ውኃ፤ ጀሶው ወደ ውኃው ይጨመራል እንጂ ውኃው ወደ ጀሶው አይደለም፤ አለበለዚያ ይጓጉላል። ሲጠነክር ስለሚሞቅ ልጅ እጁን እንዳያስገባበት። ከጠነከረ በኋላ ተገልብጦ ጭቃው ሲወጣ ቦዩ ይቀራል። ተገልብጦ የሚለው ቃል ላይ ልብ ይባል፤ ባ ን እንዳለ ያስቀመጠ ሰው ቦ ይወጣለታል። የጭቃው ፊደል ገና ሲቀመጥ ተገልብጦ መቀመጥ አለበት።

ጀሶ ያቦናል፤ እርሳስም ይፍቀዋል። በውኃ የቀጠነ ቪኒል ኮላ ሁለት ጊዜ ሲቀባ ቀርቷል። ከእርሳሱ በፊት በቦዩ ውስጥ ብይ እንዲያንከባልሉ ሰጠኋቸው። ብይዋ በትክክለኛው መንገድ እስክትሄድ ጀሶውን ማዘንበል ይወዳሉ፤ ጊዜያቸው ሲያልቅ የሚያኮርፉበት ሥራ ይህ ብቻ ነው። ግን ከባድ ነው፤ ከወደቀም ይሰበራል። የተ፣ የበ፣ የሀ እና የለ ቦይ ሠርቼ ተውሁት።

ታኅሣሥ፦ እርሳስና መስመር

ረጅም እርሳስ ለትንሽ እጅ ክብደቱ ወደ ኋላ ስለሚጎትተው ልጁ በጡጫው ይጨብጠዋል። እርሳሱን ሦስት ቦታ ቆረጥሁት። አጭር እርሳስ ለጡጫ ቦታ የለውም፤ በሦስት ጣት ከመያዝ ሌላ አማራጭ አይሰጥም። የጠመኔ ቁራጭም እንዲሁ ነው። አንድ አባት ግን ደብተር ይዘው መጡ፤ "የልጄን እርሳስ ማን ሰበረው?" አሉ። አስረዳኋቸው፤ ጨርሰው ያመኑኝ አይመስለኝም። ደብተሩም ገጹ ስላልሞላ ቅር ብሏቸዋል። ለብዙ ወላጅ የመዋዕለ ሕፃናት ትምህርት የሚመዘነው በሞላ ገጽ ነው፤ የአሸዋ ትሪ ደግሞ ለቤት የሚላክ ነገር የለውም። ከዚህ በኋላ በየዓርቡ ልጁ ራሱ የጻፈውን አንድ ወረቀት መላክ ጀመርሁ። ጥሩ ባይሆንም የራሱ ነው፤ በነጥብ ላይ ያስኬድሁት አይደለም።

በግራ እጃቸው የሚጽፉ ልጆች አሉ። አልለውጣቸውም፤ ለአንዷ እናትም ይህን ነገርኋቸው። ከጠረጴዛው በግራ በኩል እንዲቀመጡና ወረቀቱን ወደ ቀኝ እንዲያጋድሉት ማድረግ በቂ ነው።

ስለ መስመር። የእንግሊዝኛው የእጅ ጽሑፍ ደብተር አራት መስመር አለው፤ ወደ ላይ ለሚወጡና ወደ ታች ለሚወርዱ ፊደሎች። ለእኛ ፊደል ሁለት ይበቃል፤ ጣሪያና ወለል። የታተመውን መስመር ግን ልጆቹ አያዩትም፤ ያልፉታል። የብራና ጸሐፊዎች ከመጻፋቸው በፊት ቀለም በሌለው ወስፌ መስመር ያሰምራሉ፤ ሥራቸውን ያየ ያውቀዋል። እኔም ወፍራም ወረቀት ላይ ቀለሙ ባለቀ እስክሪብቶ ጫን ብዬ አሰመርሁ። እርሳሱ ወለሉ ጋ ሲደርስ ስርጉዱ ውስጥ ነካ ይላል፤ ብዙዎቹ ይቆማሉ። በስስ የደብተር ወረቀት አይሠራም፤ ይቀደዳል።

ውጭ በረንዳው ላይ የኮምፔንሳቶ ቁራጭ በጥቁር ቀለም ቀብቼ በልጆቹ ደረት ልክ አንጠልጥያለሁ። ቆመው በእርጥብ ስፖንጅ ይጽፋሉ፤ ፀሐይ ታደርቀዋለች። ቁም ሰሌዳ አንጓቸውን ያበረታል። እሱም ለቀትር ብቻ፤ ጠዋት ውኃው ያንቀጠቅጣል።

ወጪ

የበግ ጠጉር ክር 300፤ ጥቁር ቀለም 350፤ ቪኒል ኮላ 250፤ የብርድ ልብስ ቁራጭ 200፤ ዱቄትና ጨው 150፤ ጀሶ 130፤ ብርጭቆ ወረቀት 120፤ ቁልፍና ቀይ ጨርቅ 50፤ ጭቃ 30። ድምር 1,580 ብር። ካሰብሁት በ80 አልፏል። ዱቄቱንና ብርጭቆ ወረቀቱን ማስቀረት ይቻል ነበር። እንደገና ብሠራው ክር፣ ኮላና ብርድ ልብስ ብቻ እገዛለሁ፤ 750 ብር።

የገና ሳምንት

ርዕሰ መምህሩ መጡ። የብርድ ልብስ ሰሌዳው ፊት ቆመው አንዷን ልጅ "ቤ አድርጊልኝ" አሏት። ጣሪያውን፣ ሁለቱን እግሮች፣ ቀለበቱን አስቀመጠች። "ቢስ?" ቀለበቱን አውጥታ እጁን አስገባች። "ሳ?" ሲሏት ጣሪያውን ቀየረች፤ አጭሩን እግር በቀይ በኩል አደረገች። ከዚያ "ፉ" አሏት። እጁን ይዛ ቆመች፤ አየችኝ። "ፉ እዚህ አይሠራም" አለቻቸው። ሳቁ፤ ለሁለተኛው ክፍልም አንድ እንዲሠራ ጠየቁ፤ የዕቃውን ዋጋ ትምህርት ቤቱ ይችላል ተባለ።

ወረቀት ላይ ግን ሁሉም እኩል አይደሉም። በ፣ ተ እና ሀ የማይነበብላቸው ልጆች አሁንም አሉ፤ ከ5 ዓመት በታች ያሉት ናቸው በብዛት። ለ ገና ለብዙዎቹ ያዘነብላል። እነሱን ወደ ጭቃና አሸዋ መልሻለሁ፤ እርሳሱ ይቆያቸዋል።

ከጥምቀት በኋላ የሚሠራው፦ ሁለተኛው የብርድ ልብስ ሰሌዳ፤ የረ እና የፈ ሙሉ የክር ካርቶኖች፤ የተ እና የበ ክር አልቆ ስለተላጠ መተካት። ክር ሻጯን በሚቀጥለው ገበያ ጥቁሩን ጠጉር እንድታመጣልኝ ነግሬአታለሁ፤ ነጩ በጣት ወዝ ቶሎ ይቆሽሻል።